በሩ በኩል ያለው ግማሽ

«ያቺ ግድግዳውን ያበላሸችው ልጅ፣ አባቷ መጥቷል። እስከ አሥር ሰዓት ቀብቶ ይጨርሳል፤ ዕቃችሁን ማምጣት ትችላላችሁ» አለች ፀዳለ በስልክ። ሀብተሥላሴ ከግቢው በር ገና መግባቱ ነበር። በአንድ እጁ አንድ ጋሎን ነጭ የውሃ ቀለም፣ በሌላው ሩሎና ብሩሽ የከተተበትን ማዳበሪያ ይዟል። አከራይዋ ዞር ስትል አየችው። ስልኩን ቶሎ ዘጋችና ነጠላዋን እያስተካከለች «እግዜር ያጽናዎት» አለችው፤ በቀብሩ ዕለት እጃጂ ድረስ መጥታ ባለችው ድምፅ። «አሜን» አለ። በስልክ ስትል የሰማው ቃል አላስቀየመውም። ያንን ግድግዳ ተበላሸ ብሎ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

ክፍሏ ከዋናው ቤት ጀርባ ካሉት ሦስት ሰርቪሶች የመጨረሻዋ ናት። ርዝመቷ ሦስት ሜትር፣ ወርዷ ሁለት ከግማሽ ቢሆን ነው። ቤርሳቤህ በወር ሺህ አምስት መቶ ብር ኪራይ እየተከፈለላት ሁለት ዓመት ኖራባታለች፤ አምቦ ነርስነት ስትማር። በመጨረሻው መንፈቅ ለተግባር ልምምድ ቆላ ወርዳ ወባ ያዛት፤ በዘጠነኛው ቀን አረፈች። ሌላ ልጅ የለውም። አልጋዋንና ልብሷን የሚስቱ ወንድም አሻግሬ ቀደም ብሎ አውጥቶታል። ፀዳለም ክፉ ሴት አይደለችም፤ አርባዋ እስኪወጣ ክፍሉን አላከራየችም፤ ኪራይም አልጠየቀች። ከአርባው በኋላ ግን ደውላ፣ «እንግዲህ ግድግዳው እንደነበረ ይሁንልኝ፤ እርስዎ ደግሞ ባለሙያ ነዎት» አለች። እውነቷን ነው። በእጃጂና በጌዶ መንገድ ዳር ካሉት የሱቅ በሮች ግማሹን የቀባው ሀብተሥላሴ ነው።

ግድግዳው ከበሩ ጀምሮ እስከ መስኮቱ ጥግ ድረስ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ነጭ ቦታ አልቀረበትም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው፤ ዓምና ጤፍና በርበሬ ሊያደርስላት የመጣ ጊዜ። ጆንያውን አውርዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ቤርሳቤህ አልጋዋን እያስተካከለች «አባባ፣ እዚህ ጋ ቁጭ በል» አለችው። «መኪና ቆሞልኛል» አላት። «ትንሽ ብቻ። እዚች ጋ።» ልጅ ናትና እንግዳ ልታስተናግድ፣ ሻይ ልታፈላ መስሎት ነበር። ግድግዳውን አየት አደረገና «ይሄ ሁሉ ቀለም የማነው? የሰው ቤት አበላሽተሽ ማን ሊከፍል ነው?» አላት። ከዚያ ወጣ። እስከ ግቢው በር ሸኘችው፤ አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም። ስለ ግድግዳው ከዚያ በኋላ አንስተው አያውቁም።

ሥራውን የጀመረው ከበሩ በኩል ነው። ሁልጊዜ ከበር ይጀምራል፤ ብርሃኑ ከዚያ ስለሚገባ ያልተዳረሰው ቦታ ቶሎ ይታያል። ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፈ፣ ቀለሙን በውሃ አቀጠነ፣ ሩሎውን ረጅም እንጨት ላይ ሰካና ከላይ ወደ ታች መሳብ ያዘ። ልጁ ከተቀበረች ወዲህ እጁ በሐሳብ ሳይያዝ ሲሠራ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ያየው የነበረው ግድግዳውን ነው፤ የት እርጥበት እንዳለበት፣ ልስኑ የት እንደተሰነጠቀ፣ ከወለሉ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ምን እንዳረጠበው። ከሩሎው ሥር የሚያልፈውን አላየውም። ቢጫ ነገር አለፈ፣ ቀይ ነገር አለፈ፣ ሰፋ ያለ ቡናማ አለፈ። የእጃጂው የመጨረሻ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ያስብ ነበር። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛ ደረበበት። አራት ሰዓት ላይ ከበሩ እስከ ግድግዳው መሐል ያለው ግማሽ ነጭ ሆነ፤ ጥሩ ነጭ፣ አንድ መሥመር የማይታይበት።

ወደ መስኮቱ በኩል ሲያልፍ ሩሎው ተንሸራተተ። ቀለሙ ግድግዳው ላይ አልይዝ ብሎ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ወረደ። በጨርቅ ጠረገውና በጥፍሩ ጫር አደረገው። የዘይት ቀለም ነው። ያኛው ግማሽ በውሃ ቀለም ተሠርቶ ይሄኛው በዘይት ነው የተሠራው። በዘይት ላይ የውሃ ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አለበት፤ እሱ ደግሞ አልያዘም። አስፋልቱ ዳር ካለው ሱቅ ሦስት ገዝቶ ተመለሰ። ዋጋው ካለፈው ወር በእጥፍ ጨምሯል፤ ባለሱቁ እንደ ሐዘን ነገር በለሆሳስ ነው የነገረው።

አንዱን ወረቀት አጥፎ ግድግዳው ላይ ሲያሳርፈው አረንጓዴውን አወቀው። የእጃጂው እህል መጋዘን በር አረንጓዴ ነው። ያንን ቀለም ራሱ ነው የበጠበጠው፤ ባለቤቱ ደማቅ ሲል፣ እሱ ጠቆር ሲል፣ ተጨቃጭቀው የደረሱበት ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። ከጎኑ ያለው ሰማያዊ የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ነው። ቀዩ ቡናማ የሥጋ ቤቱ በር፤ እሱን ሲቀባ ቤርሳቤህ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ነጩ የክሊኒኩ ነው፤ ወደ ክሬም ያደላል። በያንዳንዱ ሥራ መጨረሻ ጣሳው ሥር የምትቀረዋ እንጥፍጣፊ እየጠፋች አስቸግራው ነበር። ቤርሳቤህን ዶሮ ቤቱ ውስጥ ስትደብቅ ሲያገኛትም በሰው ፊት «ሌባ» ብሏታል። ስድስት ሰባት ዓመት ሳይደርቅ የቆየው ከክዳኑ ሥር ላስቲክ አድርጋበት መሆን አለበት። እንደዚያ ማድረግን ያስተማራት እሱ ነው።

ወረቀቱን አስቀመጠ። ትይዩ ያለውን ግድግዳ ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ አልጋዋ በነበረበት ቦታ። ቀና ሲል ግድግዳው ሌላ ሆኖ ጠበቀው።

በሩ ላይ ለቆመ ሰው የተዝረከረከ ቀለም ነው። ከወለሉ ሲያዩት ግን ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ከታች ሰፍተው ይነሱና ወደ ኮርኒሱ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ መሐላቸው ርብራቦች አሉ። መሰላል ነው፤ ከሥሩ ሆኖ ሽቅብ የሚታይ መሰላል። ከላይ የቤት ክዳን ጠርዝ፣ ከዚያ በላይ የትምህርት ቤቱ ሰማያዊ። መሰላሉ ላይ ሰው አለ። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው አገጩ፣ ብሩሽ የያዘና የተዘረጋ ክንዱ፣ ከሁሉም በላይ ሁለቱ የጫማው ሶሎች ናቸው። የግራው ሶል በተረከዙ በኩል አንድ ወገን ተበልቷል። የሱሪው ጫፍ በሲባጎ ታስሯል። ሀብተሥላሴ እግሩን ሰብስቦ የገዛ ጫማውን ገልብጦ አየ፤ ከዚያ ሱሪውን። ሲባጎው አለ።

ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ መሰላሉን የምትይዝለት እሷ ነበረች። ትምህርቷ የግማሽ ቀን ነው፤ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዛፉን መሰላል በሁለት እጇ ጨብጣ ትቆማለች። «ወዲያ ወዲህ አትዪ» ይላት ነበር። ሌላ ነገር ብሏት ከሆነ አያስታውስም። እዚያ ቆማ ምን እንደምታይ አንድም ቀን አላሰበበትም።

ብዙ ቆየ። ሲቆይ ነው መጀመሪያ ያላየው መታየት የጀመረው። የሰውዬው ቀኝ ተረከዝ ከርብራቡ ተነስቷል፤ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ ጣቶቹ ላይ ነው፤ የጫማው አፍንጫ እንጨቱን እንደሚቆነጥጥ ወደ ታች ተቆልምሟል። ቀለም የማይቀባው እጅ መሰላሉን ጨብጧል፤ የጣቶቹ አንጓ ላይ የክሊኒኩን ነጭ በቀጭን ብሩሽ አስነክታበታለች፤ አራት ነጥብ። ሀብተሥላሴ ለምን ነጭ እንዳደረገቻቸው ገባው። ሰው ሲፈራ እንደዚያ ነው የሚጨብጠው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍታ አልፈራም እያለ ኖሯል፤ ለሚስቱም፣ ለባለሱቆቹም፣ አብረውት ለሚጠጡትም። መሰላሉ ላይ ሲወጣ እንደሚፈራ ለማንም አልተናገረም። ይቺ ልጅ ግን ከሥር ሆና ስታየው ነበር። ታውቅ ነበር። አውቃ አንድም ቀን አላሳፈረችውም፤ መሰላሉን ጠበቅ አድርጋ መያዝ ብቻ። ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ መሰላሉን የያዙ ሁለት ትንንሽ እጆች ሥላለች፤ ጥፍሮቻቸው ሳይቀሩ።

ያኔ ነው ዓይኑ ወደ ነጩ ግማሽ የሄደው።

ብድግ አለና ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነከረ። ነጩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። እጅጌውን ሰብስቦ ቀስ ብሎ ጠረገ። ነጩ ለቀቀ፤ ከሥሩ ያለውም አብሮ ለቀቀ፤ እሱም የውሃ ቀለም ነውና። ጨርቁ ላይ የመጣው የቦካ ጭቃ የመሰለ ሐምራዊ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ዝቅ ብሎም ሞከረ፤ ያው ነው። ሦስት ቦታ አበላሽቶ ተወው። ይሄን ከመሞከሩ በፊትም ያውቀው ነበር፤ ሥራው ነው።

አሻግሬ የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሁለት ሳንቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ። ቤርሳቤህ አምቦ እንደመጣች እሱ ዘንድ ነበር የተቀመጠችው፤ በሁለተኛው ወር ለቅቃ ወጣች። ምክንያቱን እሷም አልተናገረች፣ እሱም አልተናገረ፣ ሀብተሥላሴም አልጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ነው የሚያወሩት። «ግማሹ አልቋል እኮ ጋሼ» አለ በሩ ላይ ሆኖ።

«ና ቁጭ በል።»

«ሱሪዬ…»

«ቁጭ በል አሻግሬ።»

አሻግሬ መሐረቡን አንጥፎ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ፤ ለአንዱ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነገረው፤ እያወራም ግድግዳውን ያይ ነበር። ዘግቶ «አዎ፣ መሰላል ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ጎበዝ ነበረች» አለ። ከዚያ ተነሳና በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ አነሳለት። «ላንተም፣ ለእህቴም ይሆናል» ብሎ አሳየው። ስልኩ ላይ ያለው ቀለም የተደፋበት ግድግዳ ነው። ከወለሉ ቢያነሳው ደግሞ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አንድ ጫማና አንድ ርብራብ ብቻ ገባ። አሻግሬ ወዲህ ዞሮ ወዲያ ዞሮ አምስት ስድስት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«በሩ በኩል ምን ነበር?» አለው ሀብተሥላሴ። «አልጋውን ስታወጣ አይተኸው ይሆናል።»

አሻግሬ ነጩን ግማሽ አየ። «አልጋውን ነበር የማየው» አለ። ሳንቡሳውን ሳይበሉት ቀሩ። ወደ ቢሮው ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሊል ፈለገና «ሲሚንቶ እንደገና ጨመረ ይላሉ» አለ። ሀብተሥላሴ «ሰምቻለሁ» አለ።

ፀዳለን ጠራት። ልብስ ስታጥብ ነበርና እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች መጣች። ይሄኛውን ግማሽ እንድትተውለት ለመናት። ለምኖ አያውቅም፤ አፉ አልታዘዝ አለው፤ «እንደው… እንዲሁ ቢቀር» ብሎ ብቻ በእጁ አሳየ። እንድትቀመጥም ጋበዛት። እሷ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ ሀብተሥላሴ፣ እኔ ልጅቷን እወዳት ነበር። ግድግዳውን ነው ያልወደድኩት» አለች። «ተከራዮቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሚስትየው በዚህ ወር ትወልዳለች። መጥታ ስታየው ይሄ ነገር ማታ ያስፈራኛል አለች። ነጭ ይሆናል ብዬ ቃል ሰጠሁ። ምን ልበላቸው? ሌላ ቤት እንዳይፈልጉ ቀናቸው ደርሷል።»

«በሩ በኩል የነበረውስ?» አላት። «ሁለት ዓመት ሲገቡ ሲወጡ ኖረዋል።»

ፀዳለ አሰበች። ስታስብ ግንባሯ ተቋጠረ፤ የምሯን ነበር። «ቀለም ነበር» አለች። «ቢጫ ነገር… ሴትዮ መሰለኝ። ወይ ደግሞ ዛፍ። ብቻ ሻይ ስታፈላልኝ ጀርባዬን ለእሱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።» ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ጥሩ ሻይ ነበር የምታፈላው» ብላ ወጣች።

የብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ ከላይ ጀመረ። ከሰማያዊው። ፍግፈጋ ችኮላ አይወድም፤ እጅ እያንዳንዱን ስንዝር ሳይነካ አያልፍም። ብሩሿን የት እንዳነሳችና የት እንደመለሰች በመዳፉ ያገኘው ነበር። የቤቱ ክዳን ጠርዝ ላይ ብሩሹን እሱ እንደሚያዞረው አዙራዋለች፤ ክንዱ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክራ፣ ጠርጋ፣ በአራተኛው ተሳክቶላታል። መሐል ላይ አንዲት ጠብታ አለች፤ ከሰውዬው ብሩሽ አምልጣ ወደሚያየው ሰው የምትወርድ፤ ልጅቷን ከሁሉም በላይ ያደከመቻት እሷ ናት። ሰማያዊ ዱቄት ቅንድቡ ላይ አረፈ፤ ከዚያ አረንጓዴ፤ ከዚያ ቀዩ ቡናማ። ሶሎቹ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ትንንሾቹን እጆች ጨርሶ አልፈገፈጋቸውም፤ ከላያቸው የሚቀባው ነጭ ቆይቶ ተቀርፎ እንዲወድቅ፣ እነሱም እንዲታዩ ብሎ ነው። በነጩ ግን ቀባቸው። ነጩን ሁለቴ አለበሰው፤ ቀድሞ በጠረጋቸው ሦስት ቦታዎችም ላይ ደገመ።

አሥር ሰዓት ላይ ተከራዩ ቀጀላ ፍራሽ ተሸክሞ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ጫማውን አራግፎ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። «አካም ጅርቱ ኦቦ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለው፤ ከዚያ በአማርኛ፣ «ፓ፣ ይሄ ነው እንጂ ሥራ። ክፍሉ እኮ ሰፋ።» ፍራሹን ያሳረፈው አልጋው በነበረበት በኩል ነው። «ዶርቃስ ደስ ይላታል። ገለቶማ፣ ኦቦ» ብሎ አመሰገነ። ሀብተሥላሴ «በሰላም ትገላገል» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እስከ ነገ እንዳትነኩት» ይል ነበር። ይሄን ሳይል ወጣ። ፀዳለ የበሩን ቁልፍ ተቀብላው እስከ አስፋልቱ ሸኘችው።

መናኸሪያ ሲደርስ ሚኒባሱ ገና አልሞላም። በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ጥፍሩ ሥር የገባውን አረንጓዴ ሳያወጣው ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ወለተማርያም ናት። ስልክ ስትደውል ሁልጊዜ ቀስ ብላ ነው የምታወራው፤ ሰው ቤት እንደገባች ሁሉ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«አሻግሬ ደውሎ ነበር። መሰላል ነው የሳለችው ይላል። ምን መሰላል ነው?»

ነገራት። መጀመሪያ በሁለት ቃል ሊጨርሰው ነበር፤ አልሆነለትም። ስለ መሰላሉ፣ ስለ ጫማው ሶል፣ ስለ ሲባጎው፣ መሐል ላይ ስለምትወርደው ጠብታ ነገራት። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ወሬዋን አቁማ ታዳምጥ ነበር። ስለ ጣቶቹ አንጓ ሲደርስ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ እንደሚፈራ ለሚስቱ ነገራት። ስትተነፍስ ይሰማዋል።

«እኔስ?» አለች ኋላ። «እኔ አለሁበት?»

ሀብተሥላሴ መስኮቱን አየ። ሰዉ ዕቃውን እየጫነ ነው።

«አለሽ» አላት።

«አለሁ?»

«በሩ በኩል።»

ስታለቅስ እንዳይሰማባት አፏን በነጠላዋ እንደያዘች ያውቃል። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ «ምን እያደረግኩ?» አለችው።

ዓይኑን ጨፈነ። ከኮርኒሱ ጀመረ፤ ሩሎው መጀመሪያ ካረፈበት፣ ከበሩ ጠርዝ። ቢጫው ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቀዩ በስተግራው ይሁን በስተቀኙ፣ ቡናማው ሰፊ ይሁን ረጅም ሊያስታውስ ሞከረ። ሩሎውን ስንት ጊዜ እንደነከረ ያስታውሳል። እርጥበቱ የት እንደነበረ፣ ልስኑ የት እንደተሰነጠቀ ያስታውሳል።

«ሀብቴ» አለች። «ምን እያደረግኩ ነው?»

«ቆይ» አላት። «እያየሁ ነው።»